ድንኳን ጭነን በቡታጅራ በኩል፦ እናንተስ መንገድ ላይ የት የት ቆማችኋል?

የድንኳን_ቤተሰብ (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር ለሦስት ሌሊት ድንኳን ጭነን ወጥተን ትናንት ማታ ነው የገባነው። ሳይረሳኝ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል።

መዳረሻችን ላንጋኖ ነበር። ላንጋኖን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ስንቴ እንደሄድኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ሁሌም በሞጆ በኩል ነው። በፈጣን መንገዱ፣ ሳንቆም፣ ለምሳ ለመድረስ። ዘንድሮ ባለቤቴ «በቡታጅራ በኩል እንሂድ፣ ቀኑ ቢረዝም ምን ቸገረን» አለች። መጀመሪያ አልተዋጠልኝም። አሁን ግን ልጆቹ ቤት ገብተው የሚያወሩት ስለ ሐይቁ አይደለም። መንገድ ላይ ስለቆምንባቸው ቦታዎች ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ፣ እንዲያውም ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልቆምኩም እያልኩ ይቆጨኛል።

መጀመሪያ የቆምነው መልካ ቁንጡሬ ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር። ከመኪና ስትወርዱ የሚታዩት ጥቂት ጎጆ ቤቶች ናቸው፣ ምንም የለም ብላችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። እንዳትመለሱ። ጎጆዎቹ ሙዚየም ናቸው። ውስጥ የተደረደሩት የድንጋይ መሣሪያዎች ታሪክ ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደኋላ ይሄዳል። ከዚያ ትንሽ በእግር ሄዳችሁ ጎምቦሬ የሚባለው ጋ ስትደርሱ ቁፋሮው እንዳለ ተጠብቆ ይታያል። አስጎብኚው በዚያ አካባቢ ከ700,000 ዓመት በፊት የተረገጠ የሰው ዱካ መገኘቱን ነገረን። ከዱካዎቹ መካከል የሕፃናትም አለበት። ጉማሬ የታረደበት ምልክትም እዚያው ተገኝቷል። የሰባት ዓመቷ ልጄ ዝም ብላ ሰማችው፣ ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ደጅ ያለው ለስላሳ አፈር ላይ ቆመች። ምን እያደረግሽ ነው ስላት «የእኔም ይቀመጥ» አለች።

ከዚያ ወደ አዳዲ ማርያም ታጠፍን። መንገዱ ፒስታ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ከሩቅ አትታይም፣ ሜዳ ሜዳውን ስትሄዱ መሬቱ ተቆርጦ ቁልቁል ታገኟታላችሁ። ከአለት ተፈልፍላ የተሠራች ናት። ቅዱስ ላሊበላ ወደ ዝቋላ ሲመጣ ያሠራት ነው ይባላል። ውስጧ ይጨልማል፣ ባትሪ ያዙ። የቅዳሴ ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ጠብቁ፣ እኛ ጠብቀን ነው የገባነው፣ ቀዝቃዛው ግድግዳ ተደግፈን ዝማሬውን መስማቱ ራሱ ለእኔ ከጉብኝቱ ይበልጥብኛል።

ጥያ ላይ ደረስን ስንል ከሰዓት ሆኗል። 36 ትክል ድንጋዮች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ። ሰይፍ ተቀርጾባቸዋል። አንዱ ላይ አንድ ሰይፍ፣ ሌላው ላይ ብዙ። ልጄ ቆጠረ፣ እኔም ቆጠርኩ፣ ቁጥራችን አልገጠመም፣ እንደገና ቆጠርን። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፣ ግራኝ አህመድ ነው ያቆማቸው አሉን።

ቡታጅራ አደርን። በማግስቱ ሀረ ሸይጣን ሐይቅ። ክብ ገደል ውስጥ የተኛ አረንጓዴ ውኃ ነው። ድንጋይ ብትወረውሩ ውኃው ላይ አይደርስም ይባላል። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ ክንዱ እስኪዝል ወረወረ። አልደረሰም። እኔም ወረወርኩ። የሰፈሩ ልጆች ቁጭ ብለው ያዩናል፣ እነሱ መልሱን ያውቁታል። ለማንኛውም ስሙ የሚያስፈራ ሰው ካለ ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ጸጥ ያለ ቦታ አላየሁም።

ከዚያ በቆሼ አድርገን ወደ ዝዋይ። የማረቆ በርበሬ አገር ነው፣ ባለቤቴ የዓመቱን ገዝታ ጫነች፣ ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ ሁላችንም እያስነጠስን ነው የሄድነው። ላንጋኖ ሁለት ሌሊት። ስለ ላንጋኖ ሁላችሁም ስለምታውቁ አላበዛም። አንድ ነገር ብቻ፦ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ነፋስ አትናቁት። የመጀመሪያው ሌሊት ካስማው ተነቅሎ ድንኳኑ በላያችን ወደቀ። ጎን የነበሩ ወጣቶች ተነሥተው በባትሪ እያበሩ ከግራር ጋር አሠሩልን። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም፣ እዚህ ካላችሁ አመሰግናለሁ።

አሁን ጥያቄዬ። ቀጣዩን ጉዞ እያሰብን ነው። እናንተ ድንኳን ይዛችሁ ስትወጡ መንገድ ላይ የት ትቆማላችሁ? ትልቁን ቦታ ሳይሆን፣ ሰው አልፎት የሚሄደውን።

ቪትዝ_ነጂ

ወንድሜ በምን መኪና ነው የሄድከው? እኔ ቪትዝ ናት ያለችኝ፣ አዳዲ ማርያም በቪትዝ ይገባል?

የድንኳን_ቤተሰብ

የእኔም ቪትዝ ናት! ይገባል፣ ግን በደረቅ ወቅት። ሁለት ቦታ ላይ ሰው አውርጄ ባዶዋን ነው ያሳለፍኳት፣ አንዴ ሆዷ ተፋቀ። ዝናብ ከጣለ ግን መኪናህን ዋናው መንገድ ላይ አቁመህ ባጃጅ ወይም ሞተር ጠይቅ። ነዳጅ ከአዲስ አበባ ሞልተህ ውጣ፣ የክፍለ ሀገር ሰልፍ አይገመትም።

ክስታኔ_ሶዶ

እግዜር ይስጥልን ወንድሜ፣ አገሬን በዚህ ዓይን ስላየህልኝ። ጥያ አጠገብ ነው ያደግኩት። ልጆች ሆነን ከብት ስንጠብቅ ትክል ድንጋዮቹ ጥላ ሥር እንቀመጥ ነበር፣ ያኔ እንዳሁኑ አጥር የለም።

«የግራኝ ድንጋይ» የሚለውን እኔም ከአያቴ ሰምቻለሁ። ግን አይደለም። ሥራቸው ሲቆፈር መቃብር ነው የተገኘው። የተቀበሩት ሰዎች ዘመን ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ግራኝ ደግሞ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። ልዩነቱ ብዙ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የሟቾቹ ዕድሜ ነው፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆኑ ናቸው። ወጣቶች ናቸው። ሰይፉ የገደሉት ሰው ቁጥር ነው የሚሉ አሉ፣ ሌላው ምልክት ግን እስካሁን በደንብ አልተፈታም። ከታች በኩል ቅጠል የሚመስለውን ምልክት አይተኸዋል? እኛ ሰፈር እንሰት ነው ይሉታል። እንሰት ለእኛ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው ደግሞ፣ ከ36ቱ የተቀረጸባቸው 32 ናቸው። ጥያ ብቻም አይደለም፣ በሶዶ ውስጥ ወደ 160 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ተገኝተዋል። እርሻ መሐል፣ ጓሮ ውስጥ ወድቀው የምታያቸው አሉ። ስትመጡ የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙ፣ ክፈሉት፣ ቁጭ ብላችሁም አድምጡት። አንዳንድ ሰው ከመኪና ወርዶ ፎቶ አንሥቶ በአሥር ደቂቃ ይሄዳል፣ እውነቱን ልናገር፣ ያናድደኛል።

የድንኳን_ቤተሰብ

ስለ ዕድሜያቸው አላወቅኩም ነበር። ለልጄ አሁን ነገርኩት፣ «ከኔ በሰባት ዓመት ብቻ የሚበልጥ አለ ማለት ነው?» አለኝ። ቅጠሉን አይቼዋለሁ፣ እንሰት መሆኑን ግን ማን ይንገረኝ። በሚቀጥለው ስንመጣ እናንተ ሰፈር አርፈን ነው የምንሄደው።

ክስታኔ_ሶዶ

ቤት ለእንግዳ! ክትፎው በእኔ ነው።

ጡረተኛ_ሾፌር

ልጆቼ፣ የምትጽፉትን ሳነብ አመሸሁ። እኔ 34 ዓመት መኪና ላይ ነው ያሳለፍኩት። ድንኳን አልነበረኝም። መኪናው ሥር ሰሌን ዘርግቼ ነው የማድረው፣ ስለዚህ ካምፕ የምትሉትን ነገር ከእናንተ ቀድሜ ሳላውቀው ሠርቼዋለሁ ማለት ነው።

ወደ ምሥራቅ ከወጣችሁ መተሐራ ላይ አትለፉ። በሰቃ ሐይቅን እዩት። እኔ ሥራ ስጀምር ከመንገዱ ራቅ ያለ ውኃ ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ስፋቱ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፣ አሁን ከ40 አልፏል። እያበጠ እያበጠ መጥቶ አስፋልቱን ነካ፣ የባቡር ሐዲዱን ነካ። መንገዱ ከፍ እየተደረገ ተሠራ፣ ውኃውም ተከተለ። ዳር ዳሩን የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ፈንታሌ ተራራ የተፋው ነው። ማታ ሲነዱበት በመብራት ሲታይ የተቃጠለ አገር ይመስላል።

ከዚያ አዋሽ ሰባት። የድሮው ባቡር ጣቢያ አለ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 እ.ኤ.አ. ነው፣ አዋሽ መሐል ላይ ማረፊያ ነበረች። ከጣቢያው ጎን ያለውን ቡፌ ጠይቁ። ቁጭ ብላችሁ ቡና ጠጡበት። የባቡሩ ፉጨት ሲሰማ ከተማው ሁሉ ሲነሣ አስታውሳለሁ፤ ቆሎ ሻጩ፣ ውኃ ሻጩ፣ ተሸካሚው፣ ሁሉም ይሮጣል። አሁን አዲሱ ባቡር በሌላ ሐዲድ ያልፋል። ልጆቻችሁን አምጡና ሐዲዱን ረግጠው ይለፉ።

ድንኳን ከሆነ አዋሽ ፓርክ ውስጥ ፏፏቴው አካባቢ ወንዝ ዳር ትላልቅ ዛፍ ሥር ይተከላል። ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ። ዝንጀሮና ጦጣው ሌባ ነው፣ ዚፕ ይከፍታል።

ባለ_ጀበና

ጋሼ እናመሰግናለን፣ እባክዎ ይጻፉልን። ስለ ሌሎቹ መንገዶችም። በደሴ በኩል ሄደው ያውቃሉ?

ጡረተኛ_ሾፌር

እንዴት አልሄድም ልጄ። ጣርማበር። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ነው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ከደብረ ብርሃን በኩል ስትመጪ ብርድና ጉም ነው፣ ጋቢ ለብሰሽ ነው የምትነጂው። ዋሻው ውስጥ ትገቢያለሽ፣ ጨለማ፣ ከላይ ውኃ ይንጠባጠባል። ስትወጪ ደብረ ሲና ከእግርሽ ሥር ናት። መንገዱ ተጠማዝሞ ቁልቁል ሲወርድ እያየሽ ፍሬንሽን ትሞክሪያለሽ። አዲስ ረዳት ስይዝ ሁሌ እዚያ አቆም ነበር። ወርደህ እይ እለዋለሁ። አንዱ አለቀሰ። አገሬ ይህን ያህል ናት እንዴ አለኝ።

አሁን ግን መንገዱን ሳትጠይቂ አትውጪ። ሰላሙ ይመለስና ሁላችሁም ታዩታላችሁ።

ባለ_ጀበና

አሜን ጋሼ። እኔ ደግሞ የማወራው ስለ አርሲና ባሌ መስመር ነው፣ ከሁለት ሴት ጓደኞቼ ጋር ነው የምንወጣው። ሦስታችንም ሴቶች ነን፣ «እንዴት አትፈሩም» የሚለን ብዙ ነው። እኛ ሜዳ ላይ ዝም ብለን አንተክልም። ፓርክ ውስጥ፣ ስካውት ባለበት፣ ወይም ባለቤት ያለው ግቢ ውስጥ ነው። ከመሄዳችን በፊት ስለ መንገዱ ደውለን እንጠይቃለን፣ ሁኔታው ካላማረን እንቀራለን። ሁለት ጊዜ ቀርተናል።

ሰው አልፎት የሚሄደው ካልክ፣ ለእኔ በቆጂ ናት። ከአሰላ አልፋ ያለች ትንሽ ከተማ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ ሁሉም የዚያ አካባቢ ልጆች ናቸው። ደራርቱ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። እናቴ ያን ቀን ሬዲዮ አቅፋ ነበር ትለኛለች። በቆጂ ስንደርስ ማደሪያ ይዘን ጠዋት 12 ሰዓት ተነሣን። ጫካው ዳር ልጆች ሲሮጡ አየናቸው፣ አንዳንዱ ጫማው የታላቅ ወንድሙ ይመስላል፣ ሰፍቶታል። ብርዱ አጥንት ይገባል። ማንም አያጨበጭብላቸውም፣ አንድ አሠልጣኝ ብቻ ቆሞ ሰዓት ይይዛል። ሐውልት የለም፣ ቲኬት የለም። እኔ እዚያ ቆሜ እንባዬ መጣ።

ከበቆጂ ደግሞ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ዲንሾ። እዚያ ዛፍ ሥር ድንኳን ተክላችሁ ስታድሩ ጠዋት የደጋ አጋዘን ድንኳኑ አጠገብ ሲግጥ ታገኙታላችሁ። ሰነቲ አምባ 4,000 ሜትር ነው፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377፣ መኪና ጫፉ ድረስ ይወጣል። ቀይ ቀበሮውን ያየነው እዚያ ነው። ስንቅ ለሚጠይቅ፦ ጭኮ። ከአሰላ ግዙ፣ አይበላሽም፣ ማንኪያ ብቻ ነው የሚፈልገው። ጀበናና ትንሽ የከሰል ምድጃም እንይዛለን፣ 4,000 ሜትር ላይ ቡና አፍልቶ መጠጣት ምን እንደሚመስል ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል።

ቪትዝ_ነጂ

እህቴ ቪትዝ ሰነቲ ይወጣል?

ባለ_ጀበና

አይ ወንድሜ፣ ቪትዝህን ሮቤ አሳርፋት።

ረጅም_መንገድ

ሰላም ከቴክሳስ። የቡታጅራ ልጅ ነኝ፣ እዚህ ትልቁን መኪና ነው የምነዳው። አማሪሎ የምትባል ከተማ አለች፣ አይ-40 ላይ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ አሥር ካዲላክ መኪናዎች አፍንጫቸው መሬት ውስጥ ተቀብሮ ጭራቸው ወደ ሰማይ ቆመዋል። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ሠዓሊዎች ናቸው የተከሏቸው። መጀመሪያ ያየኋቸው ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር፣ ደክሞኛል፣ ከመንገዱ በኩል ጥላቸው ብቻ ይታየኛል፣ ተርታውን ሲቆሙ። እናት አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ጥያ ነው የመጣብኝ። መኪናውን አቁሜ ለእናቴ ደወልኩ፣ እዚያ ሌሊት ነበር፣ ደንግጣ ተነሣች፣ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። ምንም አልሆንኩም ድንጋዮቹን አየሁ አልኳት።

እዚህ አገር ሰው ካምፒንግ ሲወጣ እንዲህ ያሉ ቦታዎችን መርጦ ነው መንገዱን የሚያወጣው። ያስቀናል። ካዲላኮቹን የመጣ ሁሉ ቀለም ይቀባቸዋል፣ ይፈቀዳል፣ ቀለሙ ተደራርቦ እንደ ቂጣ ወፍሯል። ስሜን ጽፌያለሁ፣ በሚቀጥለው ወር ስመለስ ሌላ ሰው ቀብቶበታል። ጥያ ላይ ግን ልጅ ሆነን አንድ ጎረምሳ በሚስማር ስሙን ሊፈቅፍቅ ሲል አንድ ሽማግሌ በከዘራ ሲያባርሩት አይቻለሁ። ያኔ ስቄ ነበር። አሁን ሽማግሌው ትክክል ነበሩ እላለሁ። መኪናው ላይ የጻፍኩት ይታደሳል፣ ያኛው ግን ተፍቆ አይወጣም።

ሰፈር_22

ይህን ክር ከትናንት ጀምሮ እያነበብኩ ነው። አንድ ነገር ከብዶኝ ነው የምጽፈው።

ዘጠነኛ ክፍል እያለን ከትምህርት ቤት መልካ ቁንጡሬ ተወስደን ነበር። አዋሽ ዳር ወርደን ስንሯሯጥ አንድ ጥቁር ድንጋይ አገኘሁ። እንደ ጠርሙስ ያብረቀርቃል። መዳፌን ያህላል፣ ሁለቱም ጎኑ ተቀርፏል፣ ጠርዙ ስለት አለው። ኪሴ ከተትኩት። ማንም አላየኝም። 19 ዓመት ሆነው። እናቴ ቤት ቡፌ ላይ ተቀምጧል፣ እንግዳ ሲመጣ «ልጄ ከሽርሽር ያመጣው» ትላለች።

ያኔ ድንጋይ ነው ብዬ ነው። አሁን ስለ ሕፃናቱ ዱካ ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። ምን ላድርግ? ድንጋዩ እዚያ በሽ ነው፣ አንዱ ቢጎድል ምን ይሆናል የሚል ሐሳብም ይመጣብኛል። እውነቱን ንገሩኝ።

ቁፋሮ_ተማሪ

ስለጻፍከው አመሰግናለሁ፣ ብዙ ሰው አይጽፈውም። አርኪዮሎጂ ነው የምማረው፣ የማውቀውን ልንገርህ።

ድንጋዩ ባልጩት ነው። እሳተ ገሞራ የሚፈጥረው ጥቁር መስታወት ነው በለው። ከመልካ ቁንጡሬ ብዙም ሳይርቅ ባልጪት የሚባል ቦታ አለ፣ የጥንት ሰዎች ባልጩቱን ከዚያ አካባቢ ነበር የሚያገኙት። ሁለቱ ቦታዎች አንድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ባልጩት እኮ እኛ ዘንድ ሙት ዕቃ አይደለም፣ በጉራጌና በሐድያ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በባልጩት መፋቂያ ሲሠሩ ተመዝግቧል።

«አንዱ ቢጎድል» ላልከው። ድንጋዩ ብቻውን ዕድሜ የለውም። ዕድሜው የሚታወቀው በተኛበት አፈር ነው። መልካ ቁንጡሬ ላይ የእሳተ ገሞራ አመድ በንብርብር ተከምሯል፣ የንብርብሩ ዕድሜ በላቦራቶሪ ይለካል። ድንጋዩ ከየትኛው ንብርብር በላይ፣ ከየትኛው በታች፣ ከምን አጥንት ጎን እንደወደቀ ካወቅን ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደሠራው መጠየቅ እንችላለን። አንድ እጅ ካነሣው በኋላ ያ ሁሉ ይጠፋል። ያማረ ድንጋይ ይሆናል፣ በቃ። አንተ ያነሣኸው ጎርፍ አጥቦ ያወረደው ሊሆን ይችላል፣ ያ ከሆነ ድሮም ቦታውን ለቋል። ግን ያን አንተም እኔም ቆመን መፍረድ አንችልም።

ሕጉም አለ፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992። ግን ሕጉን ፈርተህ አይደለም እንድትሄድ የምፈልገው። ሄደህ አስረክብ። በሰው እጅ አትላክ፣ ወንዝ ዳርም ወርውረህ አትመለስ፣ ያ ይብሳል፣ ያልነበረበት ቦታ ላይ ካስቀመጥከው ቀጣዩን ሰው ታሳስታለህ።

ክስታኔ_ሶዶ

ወንድሜ ሂድ። ማንም አይበላህም።

ጡረተኛ_ሾፌር

ልጄ፣ እናትህንም ይዘሃት ሂድ። 19 ዓመት ስታጸዳው የኖረችው እሷ ናት።

የድንኳን_ቤተሰብ

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔም አንድ ነገር ልናዘዝ፣ ልጄ ከሀረ ሸይጣን ጠጠር ይዞ መጥቶ ነበር። ያ ቅርስ አይደለም፣ ግን ይህን ካነበብን በኋላ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። አሁን ደንባችን ፎቶና ደብተር ብቻ ነው። ልጄ ደብተሩ ላይ የጥያን ሰይፎች ሥሏል፣ የእያንዳንዱን ድንጋይ ቁጥር ጽፎ። አሁንም የእኔና የእሱ ቁጥር አይገጥምም፣ ለዚህም ሲባል እንመለሳለን።

ለጠየቃችሁኝ ደግሞ፣ አዎ፣ ሻላ ሄደናል፣ ሳልጽፈው ረስቼ ነው። ከላንጋኖ ቅርብ ነው፣ አብያታ ሻላ ፓርክ ውስጥ። ሐይቁ ዳር የሚፈላ ውኃ ከመሬት ይወጣል። የአካባቢው ሰዎች በቆሎ በከረጢት አድርገው ነክረው ይቀቅላሉ። እኛም እንቁላል ቀቀልን። ልጆቻችሁን እጃቸውን ያዙ፣ ውኃው አይቀልድም። ሻላ ጥልቀቱ 266 ሜትር ነው፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የሚወዳደረው የለም። አብያታ ግን እየሸሸ ነው። ድሮ አባቴ ይዞኝ ሲመጣ ውኃው የነበረበት ቦታ ላይ አሁን መኪና ይቆማል፣ ነጭ የደረቀ ሜዳ ሆኗል። ወፎቹም ርቀዋል። ዝም ብዬ ነው ያየሁት፣ ለልጆቼ ምን እንደምል አላወቅኩም።

ባለ_ጀበና

ሻሸመኔስ ቆማችሁ ነበር? ጃማይካ ሰፈር ከሙዝ ቅጠል ሥዕል የሚሠሩበትን ቤት ብታዩ ልጆቻችሁ ይወዱት ነበር። ቀለም የለውም፣ ሁሉም ቅጠል ነው። ንጉሡ መሬት ከሰጧቸው ጀምሮ እዚያ ያሉ ቤተሰቦች አሉ፣ አማርኛውን ከእኛ እኩል ነው የሚያወሩት።

የድንኳን_ቤተሰብ

አልደረስንም! ዝርዝሩ ላይ ጻፍኩት።

ሰፈር_22 (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሄድኩ።

ጋሼ እንዳሉት እናቴን ይዣት ሄድኩ። ድንጋዩን በነጠላዋ ጠቅልላ እጇ ላይ ይዛው ነው የተጓዘችው፣ ቦርሳ ውስጥ ላስገባው ስላት እምቢ አለች። ሙዚየሙ ጋ ያገኘነው ሰውዬ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። «ልጅ ሆኜ ወስጄው ነው» ብቻ አልኩ። አልተቆጡኝም። ተቀበሉኝ፣ ገለበጡት፣ ወደ ብርሃን አነሡት፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት። ጥሩ እጅ ነው የሠራው አሉ።

ከዚያ «ከየት ነው ያነሣኸው?» አሉኝ።

ላሳይዎት ብዬ ወደ ወንዙ ወረድን። እናቴ ከላይ ቆማ ታየናለች። እኔ በደንብ የማስታውሰው ይመስለኝ ነበር። አንድ ግራር ነበር፣ ከሥሩ ተዳፋት አለ፣ ተዳፋቱ ላይ ተንሸራትቼ ነው ያገኘሁት። ግራሩ የለም። ዳሩን ጎርፍ በልቶታል። እዚህ ነው አልኩ፣ ትንሽ ሄጄ አይ እዚያ ነው አልኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ዞርን። ሰውዬው ምንም ሳይሉ ይከተሉኛል። በመጨረሻ ቆምኩ። አላውቀውም አልኳቸው።

ተመለስን። አንድ ቁራጭ ወረቀት አወጡ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ከሥሩ «መልካ ቁንጡሬ፣ የተነሣበት ቦታ አልታወቀም» ብለው ጻፉና ከድንጋዩ ጋር አስቀመጡት።